ሻይ የጠጣው ጫማ

ሔርሜላ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት ከእናቷ የወረሰች ልጅ ናት። ምን ታድርግ! በምትደንስበት የባሌት ቡድን ውስጥ ጥቁር እሷ ብቻ ነበረች፤ ፈገግ ያለላት ሁሉ ቦታዋን የሚፈልግ ይመስላታል። የጫማ ቦርሳዋንማ ፍቅረኛዋ ሲላስ እንኳ እንዲይዝላት አትፈቅድም። ሲለምናት «ስታገባኝ ትይዝልኛለህ» ትለዋለች።

ሲላስ ሂትሮው አየር ማረፊያ ምግብ አውሮፕላን ላይ የሚጭን፣ ዝምተኛ ልጅ ነው። እሱ በሚኖርበት ሃርልስደን ሰፈር አውቶቡስ ሲጠብቁ ዝናብ አስተዋወቃቸው። «አግቢኝ» ካላት ሁለት ሳምንት ሆኖታል። «ከቅዳሜው ትርኢት በኋላ እመልስልሃለሁ» ብላዋለች።

ዘመኑ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር 1996 ነው። በቡድኑ ታሪክ ዋናው ሚና ለጥቁር ሴት ሲሰጥ ያኔ የመጀመሪያው ነበር።

«ሁሉም የሚያደርገው ሮዝ ጫማ የኔን እግር ቁርጭምጭሚቴ ላይ የተቆረጠ ያስመስለዋል፤ ቀለሙን ልቀይረው» ብላ ዳይሬክተሩን ለመነችው።

«እስከ ቅዳሜ ማታ የቆዳሽን መልክ ካስያዝሽው እሺ። ካልሆነ ሮዙን ታደርጊያለሽ» አላት።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ልትቀልመው ቦርሳዋን ብትከፍት፣ ለማታው ከእግሯ ጋር ያለማመደችው ጫማ የለም!

ትናንት ቤቷ የመጣው ሲላስ ብቻ ነው። ከኩሽና ስትመለስ በስልክ «እትዬ፣ ወስጄዋለሁ፤ ብቻ እሷ እንዳትሰማ» ሲል በጆሮዋ ሰምታዋለች። ያሳደጉት አክስቱ እትዬ ውባንቺ ደግሞ «እግሯን ለሕዝብ የምታሳይ ሴት ቤቴ አትገባም» ብለው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አውርተዋል። በቃ፣ ተሴረብኝ አለች። 

ቦርሳዋን አንግታ ሃርልስደን በረረች። ሲላስ እጅጌውን ሰብስቦ በሩን ከፈተ።

«ጫማዬን!»

«ሔርሚ፣ መጀመሪያ ግቢ...»

«አክስትህ ናቸው ያዘዙህ? መድረክ ካልወጣሁ የማገባህ መሰለህ?»

ሲላስ ወደ ውስጥ ዞር ብሎ አየ። ያ የምትወደው ዝምታ ዛሬ የሌባ ዝምታ መሰላት። ከውስጥ የእትዬ ውባንቺ ድምፅ መጣ፤ «አንተ ልጅ፣ ደረቀ ወይ?»

ገፍታው ገባች። ጫማዎቹ ቤቱን የሚያሞቀው ሂተር ላይ ተሰጥተዋል፤ ቡናማ ሆነዋል።

«ሻይ ውስጥ ዘፈዘፍኳቸው» አለ ሲላስ። «ላስደስትሽ ብዬ ነው።»

አንዱን ጫማ አንስታ ጫፉን ጫን አደረገችው። እንደ ረጠበ ዳቦ ገባላት። ለካ የሚያጠነክረው ሙጫ ሟሙቷል፤ በጣት ጫፍ መቆም የማይታሰብ ነው።

«ምነው ሲላስ! ይሄ እኮ በስፖንጅ ነካ ነካ እየተደረገ ነው የሚቀለመው!»

«አላወቅኩም» አለ፤ ዓይኑ እንባ ሞላ። «የፈራሁት መልኩ እንዳይስት ብቻ ነበር። እጄን አጠገቡ እያደረግኩ አየሁት፤ ያንቺና የኔ ቆዳ አንድ ነው ብዬ።»

ሔርሜላ ጫማውን ከእግሯ ጋር አስተያየችው። ቁርጥ የራሷ መልክ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ የእሷን መልክ የያዘ የባሌት ጫማ አይታ አታውቅም። እዚያው ቁጭ ብላ አለቀሰች።

«ልቅሶው ይቆይ» አሉ እትዬ ውባንቺ። «ሌላ ጫማ የለሽም?»

«አለኝ። ግን ሮዝ ነው።»

«አምጪዋ! ሻዩ ገና አላለቀም። ጭፈራሽን አልወደድኩትም። የልጄ ልፋት ግን ሜዳ ላይ አይቀርም።»

ሦስቱም ጠረጴዛ ከበው ሻዩን በስፖንጅ ነካ ነካ አደረጉት፤ በፀጉር ማድረቂያም አደረቁት።

ማታ ሔርሜላ መድረክ ላይ ስትወጣ እግሯ ከዳሌዋ እስከ ጣቷ ጫፍ አንድ ወጥ ነበር።  አዳራሹ ውስጥ እትዬ ውባንቺ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፍነው፣ በጠርዙ አጮልቀው ያያሉ።

ሲላስ በአዳራሹ የጓሮ በር ጠበቃት። እጆቹ ኪሱ ውስጥ ናቸው። አመሏ አይለቃትም መቼም፤ «ደግሞ ምን ደብቀሃል?» አለችው።

የተበላሸውን ጫማ አወጣ። «ልጥለው ነበር፤ አልቻልኩም። ይህን አድርጌብሽ መልስሽን መጠየቅም አፈርኩ።»

 ሔርሜላ የጫማ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አወረደች።

«ያዝልኝ» አለችው።