ከቅሉ ሥር የገባው ውሃ

ውሃው በየት በኩል ገባ?

እማማ አጁሉ ይህን ጥያቄ ከጠዋት ጀምሮ ሲያላምጡት ዋሉ።

ክረምቱን ሙሉ ያችን ባለ ሦስት እግር ሞተር እንደ አራስ ልጅ ነበር የጠበቋት። ባሮ ሲሞላ ጎርፍ እንዳይነካት በጡብ ላይ አስቀምጠዋታል። ሸራ አልብሰዋታል። የጭስ ማውጫዋን በአሮጌ ቀሚሳቸው ቅዳጅ ወትፈዋል። እሳት የምትጭርበት ካንዴላዋ ላይ ግማሽ ቅል ደፍተው ዙሪያውን በሳሙና መርገዋል። ሰማይ ባጉረመረመ ቁጥር እየወጡ ሸራውን ዳብሰዋል።

ሞተሯ የቤተ ክርስቲያኑ ማኅበር ናት። የእርዳታ ሰዎች ኢታንግን ለቀው ሲሄዱ ትተዋት ነው። ጋምቤላ ክልል ከተባለች ወዲህ ከከተማው ወደ ኢታንግ መድኃኒት የምታደርሰው እሷ፣ የሚነዳት ደግሞ የእማማ አጁሉ ልጅ ኤልያስ ነው። ክረምት ላይ መንገዱ በውሃ ሲዘጋ በእሳቸው ግቢ ትከርማለች።

ዛሬ መንገዱ ተከፈተ። ሞተሯ ግን አልነሳ አለች። የማስነሻ መርገጫው ንቅንቅ አላለም።

የጎረቤታቸው የፋጢማ ልጅ ኻሊድ ከጋራዡ ተጠርቶ መጣ። ቅሉን አላቆ ወደ ጎን ጣለ። ካንዴላውን ፈታ። መርገጫውን ጫን ሲያደርገው ከሞተሩ ውስጥ የዛገ ውሃ ተስፈንጥሮ ፊቱ ላይ ተረጨ።

የማኅበር ንብረት ነውና ፖሊስ ተጠራ። አስር አለቃ ጌዴዎን መጣ፤ ከኤልያስ ጋር በሰንበት ትምህርት ቤት አንድ አግዳሚ ላይ ያደገ ሰው ነው።

«እማማ፣ ሸራውን በደንብ አልሸፈኑትም እንዴ?»

«ሸፍኜዋለሁ።»

«እንግዲህ ዝናብ ነው፣ ምን ይደረጋል።»

ግቢውን የሞላው የማኅበር ሰው እማማ አጁሉን አያቸው። አደራ በላች ሊባሉ ነው።

«ዝናብ አይደለም» አለ ኻሊድ፣ ፊቱን በእጅጌው እየጠረገ። «አየር ማጣሪያው ደረቅ ነው። የጭስ ማውጫው ጨርቅም ደረቅ ነው። ይሄ ውሃ በካንዴላው ቀዳዳ ነው የገባው። ሰው ፈትቶ፣ አፍስሶ፣ መልሶ አጥብቆታል።»

ጌዴዎን ወደ ኻሊድ ዞረ።

«በምን ይፈታል?»

«በካንዴላ መፍቻ።»

«በሰፈሩ ማን አለው?»

«እኔ አለኝ። ኤልያስም ነበረው።»

«የእኔ ከጠፋ ቆየ» አለ ኤልያስ። ከጠዋት ጀምሮ ገና መናገሩ ነው። ቀጠለ፤ «እሁድ ከጸሎት ስመለስ ኻሊድ ከግቢያችን ሲወጣ አይቼዋለሁ።»

ኻሊድ ሳቀ። ቀልድ መስሎት ነው። «ኤልያስ፣ ተው እንጂ።»

ኤልያስ አልሳቀም።

«አባትህ ፒካፕ አለው» አለ ጌዴዎን። «ሞተሯ ከቆመች የማኅበሩን ጭነት ማን ያገኛል?»

«የአባቴ ፒካፕ? እሱ እኮ ጭቃ በሩቁ ሲያይ ነው የሚቆመው። ኢታንግን በስም ነው የሚያውቃት።»

አንዳንዱ ሳቁን ዋጠ። ጌዴዎን ግን ክንዱን ያዘው።

«እማማ፣ ንገሯቸው እንጂ። እኔ ባበላሻት ኖሮ ዝናብ ነው ሲሉ ዝም አልልም ነበር?» አለ ኻሊድ።

እማማ አጁሉ አፋቸውን ከፈቱ። ልጃቸውን አዩ። መልሰው ዘጉት።

ኻሊድን ወሰዱት።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ጀመረ። የኻሊድ እናት ፋጢማ በጨርቅ የተሸፈነ ሳህን ይዛ፣ በስብሳ መጣች።

«ምግብ እንኳ ሳያስገቡልኝ መለሱኝ። ነገ ፍርድ ቤት ይቀርባል አሉ። ወላሂ እማማ፣ እሁድ ልጄ በወባ ተኝቶ ነበር። ጥርሱ ሲንቀጫቀጭ ብርድ ልብስ የደራረብኩበት እኔ ነኝ።»

«ለጌዴዎን አልነገርሽውም?»

«ነገርኩት። እናት ሌላ ምን ትላለች አለኝ።»

እማማ አጁሉ ፋጢማን ግቢው ውስጥ ካለው ዳስ ሥር አስጠግተው ወደ ሞተሯ ሄዱ። መሬት የተጣለው ቅል ዝናብ ይመታዋል። ለምን እንደሆነ ሳያውቁት አነሱት። ክረምቱን ሙሉ ያነሱትና ያስቀመጡት የነበረ ነገር ነው፤ እጃቸው ለመደው።

የቅሉን ከንፈር በጣታቸው ዳበሱ። ቆም አሉ።

የመረጉበት ሳሙና ቢጫ ነበር። ቢጫው ሐምሌ ላይ አልቋል። አሁን በቢጫው ላይ ነጭ ተደርቧል፤ ባለፈው ሳምንት ቤት የገባው ነጭ ሳሙና። በአውራ ጣት ተጫን ተጫን ተደርጎ፣ ክፍተት ሳይተው፣ ልክ እሳቸው እንደሚያደርጉት።

ለክፋት የመጣ ሰው አፍስሶ ይሮጣል እንጂ ቁጭ ብሎ አይመርግም። የሚመርገው እሳቸው ሸራውን ሲገልጡ እንዳይጠረጥሩ የፈለገ ነው። እንዴት እንደሚመርጉ ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው ያየው። ሰኔ ላይ ቅሉን ይዞላቸው ነበር። «ለሞተሯ ባርኔጣ አደረግሽላት» ብሎ ስቆባቸዋል።

ቤት ገቡ። ኤልያስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተጋድሟል።

«እሁድ ከጸሎት መሃል ለምን ወጣህ?»

«ራሴን አሞኝ ነው፣ እማ።»

«በወባ የተኛ ልጅ ከግቢያችን ሲወጣ እንዴት አየኸው?»

ኤልያስ ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳበ።

ቅሉን አልጋው ላይ አጠገቡ አስቀመጡት።

«ይሄ ነጭ ሳሙና የማን እጅ ነው?»

ቅሉን አየው። ተነስቶ ተቀመጠ። «የሞተሯ የጭነት ሳንቃ ላይ ያለው ቀዳዳ የሚስማር ነው ብዬሽ ነበር» አለ። «የጥይት ነው። ኢታንግ ሳልደርስ፣ ከዛፎቹ መሃል። በጆሮዬ አጠገብ ነው ያለፈው። ከዚያ ወዲህ መሪውን ስይዝ እጄ ይንቀጠቀጣል።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ? ማኅበሩ ሌላ ሾፌር የለውም። መድኃኒት የሚጠብቅ ሰው አለ። በጉባኤ ፊት ፈራሁ ልበል? ልጄ ፌበን አድጋ አባቷ ፈሪ ነው ሲሏት ትስማ?» ቅሉን ገፋ አደረገ። «ዝናብ ነው ይሉታል ብዬ ነበር። ኻሊድ ያውቀዋል አላልኩም። ሰው ነው ሲል ደነገጥኩ፤ ስሙ ከአፌ ወጣ።»

«ዝናብ ቢሉትስ፣ ጠባቂዋ ማን ነበረች?»

ኤልያስ አንገቱን ደፋ።

የእማማ አጁሉ ልብ ለሁለት ተከፈለ። በየጉዞው ልጃቸው እስኪመለስ እህል የማይወርድላቸው ሴት ናቸው። ሞተሯ ከነዝገቷ ትቅር፤ ልጃቸው ከዚያ መንገድ ይቅር፤ ይህን ያህል ነበር የሚመኙት። ማንም ምንም አላየም። ዝም ቢሉ ልጃቸው ቤታቸው ያድራል።

ውጭ፣ ከዳሱ ሥር፣ የፋጢማ ሳል ተሰማ።

«መፍራትህን ይቅር ይበሉህ አይበሉህ የእነሱ ጉዳይ ነው» አሉ። «እኔ ደስ ብሎኛል፤ ፈሪ ልጅ በሕይወት ይመለሳል። የሰው ልጅ ግን በአንተ ምትክ ታስሮ አያድርም። አንተ ትናገራለህ ወይስ እኔ ልሂድ?»

ኤልያስ ከአልጋው ወረደ። ሸሚዙን ለበሰ። የሞተሯን ቁልፎች ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

እማማ አጁሉ ዝናቡ እስኪያባራ ቆይ ሊሉት ነበር። ምላሳቸውን ነከሱ።

በሩን ከፈተ። ፋጢማን ሳያያት አለፋት፤ ከዚያ ቆመ፣ ተመልሶ ሳህኑን ከእጇ ተቀበላት። በአጥሩ በር ወጣና ወደ ፖሊስ ጣቢያው ታጠፈ።