ከዝርዝሩ ያወጣኋት ጀልባ

ይህን የምጽፈው ሰው ላስፈራራ ብዬ አይደለም። የሆነ ነገር ነው። የሆነውም በእኔ እጅ ነው።

የመስቀል ዋዜማ፣ ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት... አርባ ምንጭ፣ ጫሞ ሐይቅ ዳር፣ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበራችን ቢሮ።

ቢሮ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። አንድ የቆርቆሮ ክፍል፣ አንድ ኮምፒውተር፣ ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩት እኔ ጌታነህ።

ሥራዬ ጀልባ ሲወጣና ሲመለስ መመዝገብ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን ሪፖርት የሠራችልን መቅደስ የምትባል ልጅ ናት። ከላይ የጀልባዎቹ ቁጥር ተደርድሯል፤ ከእያንዳንዱ ጎን ትንሽ ሳጥን አለች። ምልክት ያደረግክባቸው ጀልባዎች ብቻ ከታች ይታያሉ።

"ምልክቱን ካነሱት ጠፋ ማለት አይደለም፣ ጋሽ ጌታነህ" ብላኛለች። "አይታይም እንጂ አለ።"

አመሻሽ ላይ የሞተር ጀልባ ነጂያችን አስናቀ ያንኑ ሪፖርት በስልኩ ያየዋል። ያልተመለሰ ካለ ሊፈልግ ይወጣል። ከሌለ ቤቱ ይገባል።

አስራ ሰባት ቁጥር የጎረቤቴ የካሱ ጀልባ ናት። ካሱ ሁልጊዜ የመጨረሻ ነው። ዓሣዎቹን እየቀሰቀስክ ነው እንዴ የምታጠምደው እያልኩ አበሽቀዋለሁ። እሱ ደግሞ በር ላይ ቆሞ "ቶሎ መዝግበኝ ጋሼ፣ ካልተመዘገብኩ ሻሺቱ አታስገባኝም" ይላል።

እውነቱን ነው። በአረቄ ቤት በኩል እየዞረ ስላስቸገራት፣ ሚስቱ ሻሺቱ በር ከመክፈቷ በፊት ለእኔ ትደውላለች። ስንት ሰዓት ተመዘገበ? ትላለች። ሰፈሩ ሁሉ ይስቅባቸው ነበር። እኔም አብሬ።

የዚያን ቀን ካሱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወጣ። መረቤን ሳላወጣ በዓል አልውልም ብሎ።

አስራ አንድ ሰዓት ሲሆን ሌሎቹ ሃያ ሁለቱ ተመልሰዋል።

ወደ ደጋው፣ ወደ ገረሴ የሚሄደው የመጨረሻው መኪና ሊነሳ ነው። ወንድሞቼ ለመስቀል ይጠብቁኛል። አስናቀ ደግሞ አንድ ያልተመለሰ ካየ፣ እኔንም የቀረው ሰው እስኪመጣ ቢሮ ያስቀምጠኛል።

ካሱ እንደሆነ ይመጣል አልኩ።

ከአስራ ሰባት ቁጥር ላይ ምልክቱን አነሳሁት።

ሪፖርቱ ንጹሕ ሆነ። ሁሉም ተመልሷል... ቆልፌ ሄድኩ።

መኪና ውስጥ ሻሺቱ ሁለት ጊዜ ደወለች። ጫጫታ ስለነበር አልሰማሁም ብያለሁ ለሰው።

ሰምቻለሁ። አላነሳሁም።

በሦስተኛው ቀን ስወርድ የተገኘው መቅዘፊያው ብቻ ነበር።

ሰው ሁሉ ኮምፒውተሩ ነው ያሳሳተን አለ። መቅደስን አሰናበቷት። ዕቃዋን ስትሰበስብ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ ጠየቀችኝ።

"ምልክቱን ማን አነሳው?"

"እኔ እንጃ" አልኳት።

መቅደስ፣ ይህን ካነበብሽው... ዋሽቼሽ ነው።

የአስራ ሰባት ቁጥር ሳጥን ባዶ እንደሆነች ቀረች። መንካት ፈራሁ።

ከዚያ ትንንሽ ነገሮች ጀመሩ።

ከሪፖርቱ ግርጌ የሚታዩትን ጀልባዎች ብቻ የሚቆጥር ድምር አለ። "ያልተመለሱ፦ 1" ይላል። ከላይ ስቆጥር ሃያ ሁለቱም ተመልሰዋል። ደግሜ ቆጠርኩ። ተመልሰዋል።

"ያልተመለሱ፦ 1"...

ጠዋት ስወጣ ደግሞ በሻሺቱ ደጅ የእርጥብ እግር ዱካ አየሁ። ዝናብ አልነበረም። ዱካው ከመንገድ እስከ በሯ ይመጣል።

አይገባም። አይመለስም።

በዘጠነኛው ቀን፣ አስራ አንድ ሰዓት ላይ፣ ሻሺቱ ቢሮ መጣች። ካሱ ይቆምባት የነበረችው ቦታ ላይ ቆመች።

"ጋሼ፣ ይመጣል" አለች ቀስ ብላ።

"ማን?"

"ሲመሽ ይመጣል። በር ከፍቼ ግባ እለዋለሁ። አልተመዘገብኩም ይለኛል።"

ኀዘን ነው ልላት ነበር። ዱካው ትዝ አለኝ።

"ሻሺቱ... ከዝርዝሩ ያወጣሁት እኔ ነኝ። መኪና እንዳያመልጠኝ ብዬ።"

ብትረግመኝ በወደድኩ። አልረገመችኝም።

"አውቃለሁ" አለች። "እሱ ነግሮኛል። አሁን መልሰው።"

ምልክቱን መለስኩ።

መስመሩ ወጣ። አስራ ሰባት። ካሱ። የወጣበት፦ 9:00። የተመለሰበት... ባዶ።

እጄን ከማውሱ ላይ አነሳሁ። እያየሁት ባዶው ቦታ ላይ ተጻፈ።

11:14።

ስልኬን አየሁ። አስራ አንድ ሰዓት ከአስራ አራት።

በመስኮቱ ወደ ሐይቁ ዞርኩ። አንድም ጀልባ እየመጣ አልነበረም። ካሱ ጀልባውን የሚያስርበት ግንድ ላይ የቀረው ገመድ ግን ከውሃው ውስጥ ቀስ እያለ ወጣ... ተወጠረ።

ሻሺቱ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ዳር ወረደች። ሰው ከጀልባ እንደሚያወርዱት አድርጋ እጇን ዘረጋች።

ጣቶቿ የሆነ ነገር ጨበጡ።

ገመዱ ላላ።