በሩ ተከፍቶ የሚሠራው ማይክሮዌቭ

«እጅሽን አታስገቢ!» ብላ ጮኸች ሪሃም፤ ሶኬቱንም መንጭቃ ነቀለችው።

ሹሩቅ እጇን ሰበሰበች። «በድንጋጤ ልትገድይኝ ነው እንዴ?»

«በሩን ከፍተሽውም ውስጥ ያለው ብርጭቆ ይዞር ነበር እኮ! በሩ ሲከፈት ወዲያው መጥፋት አለበት፤ አለበለዚያ እጅ ያቃጥላል።»

የጓደኛዋ የሹሩቅ እህት አርብ ታገባለች። ሴቶቹ ከጠዋት ጀምሮ የሙሽራዋን ዕቃ ወደ አዲሱ ቤት አምጥተው ሲፈቱ ነው የዋሉት። እናትየው እትዬ ኢንሻራህ ዕቃውን አንድ በአንድ ገዝታ አልጋ ሥር ስታጠራቅም፣ የሙሽራ ዕቃ አዲሱ ቤት ሳይገባ አይከፈትምና እስከ ዛሬ ካርቶኖቹን የከፈተ አልነበረም። ማይክሮዌቩ ከሪሃም አባት ሱቅ ከተገዛ ሁለት ዓመት ሆኖታል።

ሪሃም ከኋላው ያሉትን ብሎኖች አየች። ጭንቅላታቸው ተፋፍቋል፤ አንድ ሰው ፈትቷቸዋል ማለት ነው። ማይክሮዌቩ በተሸጠ ቀን አባቷ «ለፍተሻ ከፍቼው ነው፤ ያንቺ እጅ ጥሩ ስለሆነ የካርቶኑን ፕላስተር አንቺ ለጥፊልኝ» ሲላት፣ በደስታ አሳምራ ነበር ያሸገችው።

እትዬ ኢንሻራህ ለሪሃም አባት ደወለች። «ሪሃምን ጠይቂያት» አለ አባቷ፣ ድምፁ ለሁሉም እየተሰማ። «አዲስ ነው። ያሸገችው እኮ ራሷ ናት!»

ሪሃም ስልኩን ተቀብላ ወደ በረንዳ ወጣች።

«አባዬ፣ በሩ ሲከፈት የሚያጠፋውን ማጥፊያ በሽቦ አገናኝተህ ከሥራ ውጭ አድርገኸዋል?»

«ያኔ መለዋወጫ ጠፍቶ ነበር። በይ የኔ ቆንጆ፣ አዲስ ነው በያቸው። ነገ ቀስ ብዬ እቀይረዋለሁ።»

በር ተከፍቶ የሚሠራ ማይክሮዌቭ ሰው እንደሚጎዳ ያስተማራት እሱ ነው። ያንን እያወቀ ለጓደኛዋ ቤት ሸጠው፤ ውሸቱን ደግሞ በእሷ እጅ አሸገ። የገዛ አባቷ ከድቷታል። እንባዋን በእጅጌዋ ጠርጋ ተመለሰች።

«ምን አለሽ ልጄ?» አለች እትዬ ኢንሻራህ።

«አዲስ አይደለም። ተጠግኖ ነው የተሸጠላችሁ፤ ያውም ክፉ ጥገና። ይቅርታ አድርጉልኝ።»

ሹሩቅ ፊቷ ተለዋወጠ። «ታውቂ ነበር?»

«አላውቅም ነበር።»

ሹሩቅ ማመን አለማመኗ አልታወቀም። ሪሃም ማይክሮዌቩን በሁለት እጇ አቅፋ አነሳችው። ከጠበቀችው በላይ ከባድ ነው።

«ወዴት ነው?»

«ወደ አባቴ ሱቅ» አለች ሪሃም። «ደንበኞቹ ሳይሄዱ፣ እነሱ ፊት እመልስለታለሁ።»