የልምምድ ቀን መንጠቆ

ሮይስ ቲድዌል በግንባሩ ተደፍቶ የተገኘው በካሎዌይ ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ፣ ጉቶ በበዛበትና ውሃው ከወገብ በማያልፍበት ጥግ ላይ ነው። ጀልባው ከጎኑ ቆማለች። ከጀልባዋ ጠርዝ የተጋደመው የማጥመጃ ዘንግ ጫፉ ይርገበገባል፤ በክሩ የተያዘችው ባስ የተባለች ትልቅ ዓሣ ገና አልሞተችም ነበር። ሰውየው ሞቶ ዓሣዋ መኖሯ አስከሬኑን ያወጡትን ፖሊሶች ሳይቀር ረበሻቸው። ነፋስ የለም። ከጥዶቹ በላይ ሰማዩ ጠቁሮ ነጎድጓዱ ከሩቅ ያጉረመርማል።

«ዓሣዋን ሊያነሳ ጎንበስ አለ፣ ወደቀ፣ አለቀ» አለ ሸሪፍ ክሌተስ ብራንትሊ።

የአውራጃው መርማሪ ሎሬን ስታብልፊልድ አስከሬኑ አጠገብ ተንበረከከች። ስልሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷ ያማታል፣ ዓይኗ ግን አያማትም። «ወደፊት የወደቀ ሰው ማጅራቱን አይመታም፣ ክሌተስ። ይሄ የመቅዘፊያ ምት ነው።»

«እንግዲያው ጋርላንድ ሆብስ ነው። ጠዋት ጀልባ ሲያወርዱ በሰው ፊት ሲጮህበት ነበር። ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ ለነገው የማጥመድ ውድድር ዕጣ ሁሉም አዳራሽ ሲሰበሰብ ካቴና አጠልቅለታለሁ።»

ሎሬን ሰዓቷን አየች። ዘጠኝ ሰዓት ነው። ወደ ጀልባዋ ገብታ የሮይስን አሥራ ሁለት ዘንጎች አንድ በአንድ አነሳች፤ በየመንጠቆው ላይም አውራ ጣቷን አሳለፈች። አሥራ አንዱ ምንም አላደረጓትም። አሥራ ሁለተኛው፣ ዓሣዋን የያዘው፣ ደሟን አወጣ። ጣቷን በቀሚሷ ጠርጋ መንጠቆውን ማባበያ ከሆነው የውሸት ዓሣ ጋር ፈትታ አስቀመጠች፤ ባሷን ግን ወደ ውሃው መለሰቻት።

ጋርላንድ መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ነበር። እሱም እንደ ሮይስ ባለጀልባ ነው፤ በነገው ውድድር ከፊት ቆመው ጀልባውን ከሚመሩት አንዱ። ጀልባ የሌላቸው ተወዳዳሪዎች ደግሞ «የኋላ ሰው» ይባላሉ፤ ከማን ጋር እንደሚወጡ ማታ በዕጣ ይለያል፣ የሚያጠምዱትም የፊተኛው ካለፈበት ውሃ ነው።

«ለምን ጮህክበት?» አለችው።

«ስም አልጠራም ብሎኝ ነዋ! ባለፈው መከር ውድድሩ ሲያልቅ የሞተች ዓሣ ሊጠብስ ወስዶ ሲሰነጥቃት፣ ሆዷ ውስጥ የተከተተ የእርሳስ ብረት አገኘ፤ ሚዛን ላይ እንድትከብድ። የማን እንደሆነች ያውቃል። ‘ዛሬ ማታ ራሱ ተነስቶ ይናገር፤ ካልሆነ እኔ እናገራለሁ’ አለ። እኔ ደግሞ አሁኑኑ ጥራው አልኩት።»

«ከዚያስ?»

«ውሃ ላይ ነበርኩ፤ ብቻዬን።»

«ማን አየህ?»

«ዓሦቹ» አለ ጋርላንድ። ሊቀልድ ፈልጎ ነበር፤ ግን አልሆነለትም። «ሎሬን፣ ሠላሳ ዓመት ጓደኛዬ ነው። እሱን ገደለ ተብዬ ከምታሰር ብሞት ይሻለኛል።»

ከዚያ በኋላ ሎሬን በሞቴሉ ያረፉትን አሥራ አራት የኋላ ሰዎች ክፍል ለክፍል ዞረች። የመጨረሻው ቨርጅል አስኪው ነበር፦ የቤተ ክርስቲያን ዲያቆን፣ የተማሪዎች አውቶቡስ ሹፌር፣ ያምናው የኋላ ሰዎች ዋንጫ ባለቤት። አልጋው ላይ አንዲት ትንሽ ቦርሳ፣ የዝናብ ካፖርት፣ ፎጣና አምስት ዘንጎች ተደርድረዋል።

«ይሄው ነው ዕቃህ?»

«የኋላ ሰው እንግዳ ነው፣ ሚስ ሎሬን። እንግዳ ደግሞ ጓዝ አያበዛም።» በካልሲ ቆሟል። ጫማው እንዲደርቅ የአየር ማቀዝቀዣው ላይ ተሰጥቷል።

«ጫማህን ምን ነካው?»

«የበረዶ ሳጥን ተደፍቶበት።»

«ይቺኛዋ ዘንግ ባዶዋን ናት።»

«ባለጀልባዬ ምን እንደሚወረውር እስካውቅ ነው። እሱ ለዓሦቹ ያላሳያቸውን ነው የማሳያቸው።» መልሱ የሚያሳምን ነበር። ጠረጴዛው ላይ ሞረድ፣ በዙሪያውም የብረት ብናኝ አለ።

«ልምምድ አልወጣህም?»

«ጀልባ የለኝ በምን ልውጣ? ሳምንቱን እዚሁ መንጠቆ ስሞርድ ከረምኩ፤ ይመልከቷቸው፣ ጫፋቸውን በሦስት ገጽ ነው የማሾለው። የኔ ልምምድ አልጋ ላይ ነው» አለና ሳቀ። ሎሬን ግን አልሳቀችም።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የእሳት አደጋ ጣቢያው አዳራሽ ሞላ። የተጠበሰው ዓሣና ጣፋጩ ሻይ ሳይነካ ቀዘቀዘ። የሮይስ ሚስት ናዲን ከፊት ረድፍ ተቀምጣለች፤ ከጎኗ ባሉት ሁለት ባዶ ወንበሮች በአንዱ ላይ የባሏ ኮፍያ አለ። ሸሪፉ ካቴናውን ይዞ ከጋርላንድ ጀርባ ቆሟል።

«ቆይ ክሌተስ። ጋርላንድ፣ ዛሬ የተጠቀምክባቸውን መንጠቆዎች አሳየው።»

ጋርላንድ ሳጥኑን ከፈተ። ሸሪፉ ዳሰሰና ግራ ገባው። «ሁሉም ጫፋቸው ተቆርጧል!»

«በልምምድ ቀን ማን ዓሣ ይወጋል?» አለ ጋርላንድ። « ዛሬ የተወጋች ነገ አትነክስም። ጫፉን በፒንሳ እንቆርጠዋለን። ትነክሳለች፣ ያለችበትን እናውቃለን፣ ትሄዳለች።» ባለጀልባዎቹ ሁሉ በመስማማት ራሳቸውን ነቀነቁ።

«የሮይስም አሥራ አንዱ እንደዚሁ ነበሩ» አለች ሎሬን። «ዓሣዋን የያዘው ግን አደማኝ። ስለዚህ ሮይስ አልያዛትም። ዛሬ ስል መንጠቆ የያዘው ማነው? ጀልባ ስለሌለው የማይለማመደው፣ ለነገ ብቻ የሚዘጋጀው፤ የኋላ ሰው። አሥራ አራታችሁንም አየሁ። የአሥራ ሦስታችሁ ዘንጎች ሁሉ ተዘጋጅተዋል። የአንዱ ሰው አንድ ዘንግ ግን ክሩ ገና አሁን እንደተቆረጠ ነው። የዚያው ሰው ጫማ እርጥብ ነው፤ ከዚያ ጥግ ውሃውን በእግር አቋርጦ ነው የሚወጣው። መንጠቆው ደግሞ ይኸው፤ ሦስት ገጽ ተሞርዷል። ሮይስ ዓሣ ሲያነሳ የወደቀ እንዲመስል የራሱን ዓሣ ከነመንጠቆው ወደ ሮይስ ዘንግ አዛወረው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ ቨርጅል።»

ሰው ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ዞረ። ቨርጅል እጆቹን እያየ ተናገረ።

«ላነጋግርህ ብሎ ጀልባው ላይ ወሰደኝ። እየመከረኝ፣ እኔ ዝም ብዬ ወረወርኩ፤ እጄ ለምዶ ነው። ነከሰች። ተቆጥቶ ጮኸ መሰላችሁ? ሳቀ። ‘ቆንጆ ናት፣ ሳንጎዳት እንልቀቃት’ ብሎ ጎንበስ አለ። ሃያ ሁለት ዓመት ዲያቆን ነኝ… ያን እርሳስ የከተትኩት እኔ መሆኔን በእናንተ ፊት እንዴት ብዬ ቆሜ ልናገር? መቅዘፊያው እጄ አጠገብ ነበር።»

ናዲን ተነሳች። ኮፍያውን አንስታ ደረቷ ላይ ያዘችው።

«ጠዋት ‘ከጎንሽ ሁለት ወንበር ያዢልኝ’ አለኝ። ‘አንዱ ለኔ፣ አንዱ ዛሬ ለሚናገረው ሰው’ አለ። ማነው ብዬ ብጠይቀው አልነገረኝም። ‘እንዲህ ያለውን ነገር ማንም ብቻውን ቆሞ አይናገርም፤ ሲነሳ አብሬው እነሳለሁ’ ነው ያለኝ።» በእጇ አመለከተች። «ያኛው ወንበር ያንተ ነበር።»

ጋርላንድ ፊቱን በእጆቹ ሸፍኖ አለቀሰ። ሸሪፉ ለእሱ ያዘጋጀውን ካቴና ይዞ ወደ ቨርጅል ሄደ። ቨርጅል ግን እጁን ከመስጠቱ በፊት ጫማው ስላልደረቀ በካልሲው አዳራሹን አቋርጦ መጣና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ናዲንም ፊቷን አዞረችበት፤ ከአጠገቡ ግን አልሄደችም።