ቀይ ክር የታሰረበት ሳህን

ዱባለ ከሳፊያ መጀመሪያ የወሰደው አንዲት ጠብታ ደም ነበር።

በ1961 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ፣ መርፌና የመስታወት ስላይዶች ይዞ፣ ሳፊያ የቤት አያያዝ ወደምታስተምርበት የቡታጅራ ትምህርት ቤት መጣ። ሥራው ደም በማይክሮስኮፕ እያየ ወባ መፈለግ ነው። ልጃገረዶቹ መርፌውን ፈርተው ሲያፈገፍጉ፣ እሷ «መጀመሪያ የእኔን» ብላ እጇን ዘረጋች። ጣቷን ሥራው ከሚጠይቀው በላይ አልያዘም። ይህን ልብ አለች።

በሦስተኛው ቀን ተመልሶ መጣ።

«ደምዎ ውስጥ ምንም የለም።»

«ምንም የሌለበትን ሰው ሁሉ እየዞራችሁ ትነግሩታላችሁ?»

«የለም፤ ለእርስዎ ብቻ ነው።»

«ታዲያ ሦስት ቀን ምን አቆየዎት?»

«ደግሜ አየሁት። እርግጠኛ ሳልሆን አልናገርም።»

ሳቀችበት። ያን ጊዜ የሚያስቅ ነገር ነበር።

ታኅሣሥ ሳይገባ «እርስዎ» መባባሉ ቀረ። የሚገናኙት በዱባለ አከራይ በአሚኔ ደጃፍ ነበር። አሚኔ የሳፊያ እናት ወዳጅ ናት፤ ሁለቱን ስታይ ከጓዳዋ ሥራ አምጥታ አጠገባቸው ትቀመጣለች። ከደጃፉ ወዲያ ግን መንገድ አልነበረም። እሱ የመስቃን ክርስቲያን ገበሬ ልጅ ነው፤ እሷ የጨርቅ ነጋዴው የሐጂ ሙሀመድአወል ልጅ ናት።

ግንቦት ላይ ዱባለ ወደ ወልቂጤ ተዛወረ። ከመሄዱ በፊት ሽማግሌ ሊልክ ቆረጠ፤ ከሽማግሌው በፊት ግን ሐጂ ቤቱን እንዲያዩለት ፈለገ።

«የመሸኛ ግብዣ ብዬ እጠራቸዋለሁ» አላት። «እንግዳ እንዴት እንደማከብር በዓይናቸው ይዩ። ለተማሪዎችሽ የምታስተምሪውን መክሰስና ፖንች የሚባለውን መጠጥ ጻፊልኝ።»

ጻፈችለት። ወፍራም ሻይ አፍልቶ ማቀዝቀዝ፤ የአሥር ብርቱካንና የአራት ሎሚ ጭማቂ፤ የቀለጠ ስኳር፤ ተፍቆ የተጨመቀ ዝንጅብል። አምቦ ውሃ መጨረሻ ላይ፣ እንግዳው ከተቀመጠ በኋላ። ቆጮው በአውራ ጣት ልክ ተቆርጦ፣ አይብና ጎመን ተደርጎበት፣ በስንጥር ይወጋል።

አንድ ነገር ግን አልነገረችውም። የቆሼ ከተማው ነጋዴ ከማሉ እሷን ለማግባት ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልኮ ነበር፤ አባቷ ከግብዣው ማግስት፣ ሰኞ፣ መልስ ሊሰጡ ቀጥረዋል። ዱባለ በድንጋጤ ሳይሆን በልቡ እንዲመጣ ፈለገች።

እሑድ ከሰዓት በኋላ እንግዶቹ ገቡ። ሳፊያ ከአሚኔ ጋር ጓዳ ሆና በመጋረጃው ቀዳዳ ታያለች። ዱባለ ሁለት ጠረጴዛ አራርቆ አስቀምጧል። በግራው፣ ለክርስቲያኖቹ፣ ክትፎ የተቀባ ዳቦና በጎድጓዳ ሳህን አረቄ የገባበት ፖንች አለ። በቀኙ፣ ለሙስሊሞቹ፣ አሚኔ የሠራችው የምስር ሳምቡሳ፣ ቆጮው፣ ዳቦ ቆሎውና አረቄ ያልነካው ፖንች ተደርድሯል፤ እንዳይሳሳት በሳህኑ እጀታ ላይ ቀይ ክር አስሮበታል። ጭልፋው ለብቻ ነው። ብርጭቆዎቹም አዲስ ናቸው።

«ዱባለ፣ ይሄ ቆጮ የሰው ነው የጫጩት?» አለ የቢሮ ባልደረባው ሽባባው፣ ስንጥሩን ወደ ላይ አንስቶ።

«አንተ ዝም ብለህ ብላ!» አሉት ሐጂ። «እኔ አራት በልቻለሁ፤ አሁን ጫጩት እመስላለሁ?»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። ሳፊያ የአሚኔን እጅ ጨበጠች።

እንግዶቹ ተሰናብተው ሲወጡ ሐጂ ቀሩ። ብርጭቋቸውን አሽትተው ቀስ ብለው ቀመሱ።

«ይህን ለዒድ ቤቴ ጠጥቼዋለሁ። ዝንጅብሉን አውቀዋለሁ፤ የልጄ እጅ ነው።»

ዱባለ አልካደም። «አዎ ሐጂ፤ እሷ ናት ያስተማረችኝ። ወደ እርስዎ ሽማግሌ ልልክ ነበር።»

ሐጂ አልተቆጡም። «አክብረኸኛል፤ ብርጭቆው እንኳ አዲስ መሆኑን አይቻለሁ። አላህ ይስጥህ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ቤትህን ለሁለት የከፈልከው አንተ ነህ፣ በገዛ እጅህ። ነገ ልጄ ስትገባ አንተ ከየትኛው ሳህን ትጠጣለህ? እሷስ? ልጅ ስትወልዱ ለልጁ ከየትኛው ትቀዱለታላችሁ?»

ሳፊያ መልሱን ወዲያው አየችው። ቀይ ክር ባለበት ሳህን ውስጥ ሻይ፣ ብርቱካንና ዝንጅብል እንጂ ክርስቲያን የሚከለከለው ነገር የለም። ብርጭቆ አንስቶ ከዚያ መቅዳት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት። *ጭልፋውን አንሳ፣ ዱባለ* አለች በልቧ።

ዱባለ ሁለቱን ሳህኖች እያፈራረቀ ተመለከተ። ስላይድ ላይ ሲያቀረቅር እንደሚያደርገው ግንባሩን ቋጠረ። አምቦው በሳህኑ ውስጥ ሲንሾካሾክ ይሰማ ነበር።

«አላሰብኩበትም» አለ በመጨረሻ። «ሳላስብበት ብመልስልዎ እንደ መዋሸት ይሆንብኛል።»

ዋሽቶ ቢሆን ኖሮ! ግን ይህን ሰው የወደደችው ስለማይዋሽ ነው።

«ጨዋ ልጅ ነህ» አሉት ሐጂ፣ ተነሥተው ጫማቸውን እየፈለጉ። ሳፊያ ድምፃቸውን ታውቀዋለች፤ የማይገዙትን ጨርቅ አወድሰው የሚመልሱበት ድምፅ ነበር።

ሰኞ ጠዋት የከማሉ ሽማግሌዎች መጡ። ሐጂ ቃል ሰጡ።

ረቡዕ፣ በሦስተኛው ቀን፣ ዱባለ ሱቃቸው ገባ። ሳፊያ ከአባቷ ጎን ጨርቅ ትጠቀልል ነበር። ፊቱ በርቷል፤ ያንኑ «ደምዎ ውስጥ ምንም የለም» ያለበትን ፊት ይዞ ነው የመጣው።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ሐጂ። መልሱን አግኝቻለሁ። ሁላችንም ቀይ ክር ካለበት እንጠጣለን። ከእንግዲህ ቤቴ ውስጥ ሌላ ሳህን አይኖርም።»

ሐጂ መቀሳቸውን አስቀመጡ።

«ጥሩ መልስ ነው፣ ልጄ። እሑድ ብትሰጠኝ ኖሮ ያን ሳህን እኔው ራሴ እይዝልህ ነበር። ሰኞ ግን ቃሌ ከአፌ ወጥቷል።»

ዱባለ ወደ ሳፊያ ዞረ።

«ቃል የሚሰጠው ሰኞ እንደሆነ ታውቂ ነበር?»

በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። እሱ ሦስት ቀን ዘግይቷል፤ እሷ ደግሞ ከዚያ ሁሉ ቀን በፊት ዝም ብላለች። ከሁለቱ ማን ይበልጥ እንዳጠፋ ለማየት ይመስል እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ እጅ ነሥቶ ወጣ። ቅዳሜ የወልቂጤ አውቶቡስ ይዞት ሄደ።

ሳፊያ ከማሉን አግብታ ቆሼ ገባች። ከማሉ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ይቀልላት ነበር። የቆሼ ሰዎች እንግዳ ሲበዛባቸው ሳፊያን ያስጠሯታል። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የሚጠጣውን ፖንች በአንድ ትልቅ ሳህን ታቀርባለች።

አንድ ቀን ከማሉ ብርጭቆውን ጨልጦ «ይህን ማን አስተማረሽ?» አላት።

ሳፊያ ከሳህኑ ቀና ሳትል መለሰች።

«እኔ ነኝ ሰው ያስተማርኩት።»