«አይነካም» የተባለው ፎልደር

የትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ክበብ ድረ-ገጽ በውድድሩ አዳራሽ ትልቅ ስክሪን ላይ ተከፈተ፤ ከላይ መታየት የነበረበት ሜኑ ግን ድራሹ ጠፍቷል። በቦታው ረጅም የእንግሊዝኛ የስህተት መስመር ተገትሯል። ሙና መስመሩን አላነበበችውም። ቀጥታ ያየችው ዐቂልን ነው።

ዐቂል ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ፣ እነሱ ትምህርት ቤት የተዛወረው ዘንድሮ ነው። ውድድሩ ያለው ደግሞ ኮምቦልቻ፤ ተፎካካሪያቸውም የእሱ የድሮ ትምህርት ቤት። ሙና ገና ድሮ «ይሄ ልጅ ተልኮ ነው» ብላ ለጓደኛዋ ለሳምሪ ነግራታለች። ዝም ሲል ያጠናናል፣ ሲጠይቅ ይሰልለናል፣ ሲስቅማ ያው ግልጽ ነው። ባለፈው ሳምንት ፍላሽ ይዞ የክበቡ ኮምፒውተር ላይ ተለጥፎ ስታገኘው ነገሩ አለቀላት።

ያን ዕለት ማታ እርምጃ ወሰደች። ሜኑው አንድ ፋይል ነው፤ ገጾቹ ሁሉ እየጠሩ ያስገቡታል። ፋይሉን ከፕሮጀክቱ አውጥታ ቤት ባለው ላፕቶፕ «አይነካም» ብላ በሰየመችው ፎልደር ውስጥ ሸሸገችው፤ የተደበቀበትንም ሙሉ አድራሻ በየገጹ ጻፈች። ሞከረችው፤ ሸጋ አድርጎ ሠራ። ዛሬ ጠዋት ገጾቹን በፍላሽ ይዛ፣ በደሴ ብርድ ሹራቧን ደርባ፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወደ ኮምቦልቻ ወረደች። ላፕቶፑን ከቤት ማውጣት አባቷ አይፈቅዱም።

አሁን በኮምቦልቻ ሙቀት ሹራቡ ያቃጥላታል።

የክበቡ ኃላፊ ቲቸር ፈንታሁን የሚያውቁት የኮምፒውተር በሽታ አንድ ነው፤ ቫይረስ። ሳምሪ ስለ ዐቂል ፍላሽ በጆሯቸው ሹክ ስትላቸው ግን ቫይረሱ ስም አገኘ። ልጁን ጠርተው፣ ነገሩ ከተረጋገጠ ክበቡን ከዛሬ ጀምሮ እንዲረሳው ነገሩት። ዳኞቹም ቀጣዩ ቡድን እስኪጨርስ ጊዜ ሰጧቸው።

ሙና ወደ ኮምፒውተሩ ስትመለስ ዐቂል ቀድሟት መስመሩን እያነበበ ነው።

«ሙና፣ አይነካም ምንድን ነው?»

«ምን አገባህ?»

ጣቱን ወደ ስክሪኑ ቀሰረ። C:/Users/Muna/aynekam/menu.php

«ይሄ እኮ ደሴ ያለው የላፕቶፕሽ አድራሻ ነው። ገጹ እሱን ይዞ መጥቶ ኮምቦልቻ ላይ በር ያንኳኳል። እዚህ ኮምፒውተር ውስጥ ሙና የሚባል ቤት የለም።»

ጆሮዋ ጋለ። ዐቂል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ፋይሉ ከገጾቹ ጋር ቢቀመጥና አድራሻው ከገጹ ከራሱ ቢጀምር፣ «ከዚሁ ፎልደር ሳትወጣ ሜኑውን አምጣ» ዓይነት ቢሆን ኖሮ የትም ቢወስዱት እንደሚሠራ አስረዳት። ገባት። ፋይሉ ግን ደሴ ነው።

ዐቂል ግራ ቀኙን አየና ከኪሱ ፍላሹን አወጣ።

«የባለፈው ሳምንት ሜኑ አለኝ። ቤት ልለማመድበት ብዬ ነው የገለበጥኩት፤ ሳልጠይቅ። ወላሂ ለማንም አላሳየሁም። ቲቸር ይሄን ካዩ አለቀልኝ፤ ቶሎ አስገቢና መልሽልኝ።»

ሰርቋል ማለት ነው። ልክ ነበረች። ለመለማመድ? ወይስ ለድሮ ጓደኞቹ? ጥርጣሬ ክፉ አመል ነው፤ ውኃ ውስጥ እየሰመጥክ የሚጎትትህን እጅ ጥፍሩን ያስመረምርሃል። ግን እነሱ እንዲያሸንፉ ቢፈልግ ዛሬ ዝም ማለት ብቻ ይበቃው አልነበር?

ፋይሉን ከገጾቹ አጠገብ አስገባች፤ በየገጹ ያለውን አድራሻ ቀየረች፤ ፍላሹን በጠረጴዛው ሥር መለሰችለት። አሁን ገጹን እንደገና መጫን ብቻ ነው የቀራት። አንድ ቁልፍ ስትነካ የስህተቱ መስመር ከነስሟ ይጠፋል።

ቲቸር ፈንታሁን ከኋላዋ ደረሱ።

«ተስተካከለ? ያው የልጁ ሥራ ነው አይደል?»

ዐቂል ጫማውን እያየ ነው። ሳምሪ በሩ ጋ ቆማ ትጠቅሳታለች። የሙና ጣት ቁልፉ ላይ ነው።

ጣቷን አነሳች።

«ቲቸር፣ ሳላጠፋት ይቺን መስመር ቢያነቧት» አለችና ወንበሯን ወደ ጎን ሳበች።

ቲቸር ፈንታሁን መነጽራቸውን አደረጉና እንደ ልማዳቸው ጮክ ብለው ጀመሩ። «ሲ... ዩዘርስ...»

ሙና ቀጣዩን ቃል ታውቀዋለች። ሹራቧን አውልቃ ጭኗ ላይ አስቀመጠችና ጠበቀች።