የእናቴ ማንጎ ልጆች

ተረት ነው የሚል ካለ እዚሁ ላይ ያቁም። እኔ የምጽፈው በዓይኔ ያየሁትን ነው።

ቦታው ነገሌ ቦረና። የካቲት 2011 ዓ.ም.። ሰዓቱ ከቀኑ ስድስት... ፀሐይዋ አናት ትበሳለች።

እኔና ጓደኛዬ አምሀ ትንሽ የችግኝ ጣቢያ ነበረን። ሥራችን የማንጎ አበባ የወንዴው ዱቄት ሳይነካው ዘር እንዲይዝ ማድረግ ነው። አበባውን በወረቀት ከረጢት እንሸፍናለን፣ መድኃኒት እንረጫለን። እንዲህ ያለ ዘር አባት የለውም። ሲበቅል ቁርጥ እናቱን ነው።

ዘሩን የወሰድነው ሟች እናቴ ሐረገወይን ግቢዋ ውስጥ ከተከለችው ዛፍ ነው። ግንዱ ላይ ሚስማር መትታ የግቢውን ቁልፍ ትሰቅልበት ነበር። እሷ ስትሞት ያንን ቁልፍ ለአምሀ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ዛፏን ላይጎዳት ምሎልኛል።

አርባ ችግኝ በቀለልን።

ግን ሁሉም ግንዳቸው ላይ፣ እዚያው ቦታ፣ የሚስማር ቀዳዳ የምትመስል ጠባሳ ነበረቻቸው። ለአምሀ ስነግረው ሳቀብኝ። በሽታ ነው አለ።

ያን ቀን ችግኞቹን ያስጠለልንበት ዳስ ውስጥ ስገባ የማንጎ ሙጫ ሸተተኝ።

አርባዎቹም ግንዳቸው እስከ ግማሽ ተቆርጧል...

ሁሉም በአንድ ቁመት።

ዘበኛችን ኦቦ ቦናያ ከኋላዬ መጡ።

"ማን ገባ?" አልኳቸው በሹክሹክታ።

"ዋቃ ያውቃል፣ ሰው አልገባም።"

"አምሀስ?"



"መጋዝ ይዞ... እናንተ ቤት ሄደ።"

ሮጥኩ።

ስደርስ ዛፏ ወድቃለች። አምሀ ላቡን ይጠርጋል። አላፈረም እኮ። ሌላ ሰው ዘሯን እንዳይወስድብን ብዬ ነው፣ እኛ እንደሆነ አርባ አለን አለኝ። አራት ዓመት ከአንድ ሳህን የበላን ሰዎች ነን። እናቴን ሁለተኛ የቀበርኳት መሰለኝ።

"ቁልፉን መልስልኝ" አልኩት።

ኪሱን ዳበሰ። ደግሞ ዳበሰ። ፊቱ አመድ መሰለ።

"አሁን በሩን ከፍቼበት... ኪሴ ነበር..."

ጥዬው ተመለስኩ። ኦቦ ቦናያ ዳሱ በር ላይ ቆመዋል። ግቡ ብላቸው እምቢ አሉ።

ሠላሳ ዘጠኙ ችግኞች ተቆርጠው መሬት ላይ ተጋድመዋል።

አንዷ ብቻ ቆማለች። እርሳስ በምታህል ግንዷ ላይ የዛገ ሚስማር ተመትቷል።

ቁልፉ እሱ ላይ ተሰቅሏል... ገና ይወዛወዛል።